«ጠንካራውን ስጠኝ»፦ ለኩሽኔታና ለቫልቭ ኳስ የሚሆን ቁስ እንዴት ይመረጣል?

መግቢያ

የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለ ኩሽኔታ ኳስ መጻፍ ምን አገባው እንደምትሉ አውቃለሁ። እኔም አምና በዚህ ጊዜ ቢሆን ኖሮ እንደ እናንተው እል ነበር። ነገሩ የጀመረው አርሲ ከሚኖሩት አጎቴ በመጣ አንድ ስልክ ነው።

አጎቴ ስንዴ አምራች ናቸው። በነሐሴ መጨረሻ የዋግ መከላከያ መድኃኒት ለመርጨት ተዘጋጅተው በጀርባ የሚታዘለውን መርጫ ፈተው ሲያጥቡ፣ ከፓምፑ ውስጥ አንዲት ትንሽ የብረት ኳስ ተፈናጥራ ሣር ውስጥ ጠፋችባቸው። የእሳቸው መርጫ እንዲህ ዓይነት ሁለት ኳሶች አሉት። አንደኛዋ መድኃኒቱ ከታንከሩ ወደ ፓምፑ ሲገባ ታሳልፈዋለች፣ ሁለተኛዋ ከፓምፑ ወደ ቱቦው ሲወጣ ታሳልፈዋለች። ሁለቱም ፈሳሹ ወደ ኋላ ልመለስ ሲል መቀመጫቸው ላይ ቁጭ ብለው መንገዱን ይዘጉበታል። አጎቴ የቀረችውን ኳስ አስለክተው «10 ሚሊ ሜትር ናት አሉኝ፤ አንተ ልጅ፣ እዚያ አዲስ አበባ አታጣልኝም» አሉኝ።

እኔም በማግስቱ የመኪና መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሰፈር ሄድኩና አንዱን ባለ ሱቅ «10 ሚሊ የብረት ኳስ፣ በጣም ጠንካራውን ስጠኝ» አልኩት። የኩሽኔታ ኳስ አወጣልኝ። «ከዚህ የሚጠነክር አታገኝም» አለኝ። ገዛሁና በአውቶቡስ ላክሁ። አጎቴ ገጥመው ረጩ፣ መረቁኝም። ሦስት ሳምንት ያህል ቆይተው ለሁለተኛው ርጭት መርጫውን ሲያነሱት ግን ፓምፑ ግፊት አልይዝ አለ። እጀታውን ቢጨቁኑ ቢጨቁኑ መድኃኒቱ ይንጠባጠባል እንጂ አይረጭም። ከጎረቤት መርጫ እስኪዋሱ ድረስ አራት ቀን አለፈ። በዚያ መሀል የማሳውን የታችኛውን ጠርዝ ዋጉ ያዘው።

ለመስቀል ስሄድ ፓምፑን አብረን ፈታነው። እኔ የላክኋት ኳስ ቡናማ ሆናለች፣ ፊቷም ፈንጣጣ እንደያዘው ሰው ተቦርቡሯል። ከፋብሪካ አብራ የመጣችው አሮጌዋ ኳስ ደግሞ እዚያው መድኃኒት ውስጥ ስንት ዓመት ከርማ እንደ መስታወት ታበራለች። አጎቴ ሁለቱንም መዳፋቸው ላይ አድርገው «ጠንካራ ናት አላልከኝም እንዴ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

እንግዲህ ይህች ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ የዘገየ መልስ ናት። ባለ ሱቁ አልዋሸኝም፣ የተጠየቀውን ነው የመለሰው። የተሳሳተው የእኔ ጥያቄ ነበር።

1. አንድ ቃል፣ ብዙ ትርጉም

በአማርኛ «ጠንካራ» ስንል ቢያንስ አራት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ቃል ጠቅልለን ነው የምናወራው። ለቤት ውስጥ ወሬ ይህ ችግር የለውም። ቁስ ለመምረጥ ግን መለየት ግድ ነው።

አንደኛው ጭረትንና መጎድጎድን መቋቋም ነው። ይህ የሚለካ ነገር ነው። «ሮክዌል ሲ» በሚባለው መለኪያ ሾጣጣ የአልማዝ ጫፍ በ150 ኪሎ ግራም ጭነት ብረቱ ላይ ይጫናል፣ ምን ያህል እንደገባ ታይቶም ቁጥር ይሰጠዋል። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ብረቱ አልበሳ ብሏል ማለት ነው። ሁለተኛው ሲመታ አለመሰንጠቅ ነው። እነዚህ ሁለቱ አንድ ይመስላሉ እንጂ ብዙ ጊዜ ተቃራኒ ናቸው። ብርጭቆን በሚስማር መጫር ያስቸግራል፣ ከጠረጴዛ ቢወድቅ ግን አለቀለት። ባትሪ ውስጥ የሚገባው እርሳስ ደግሞ በጥፍር ይጫራል፣ በመዶሻ ቢመታ ግን ይጠፈጠፋል እንጂ አይሰበርም። ታዲያ ከሁለቱ ጠንካራው የትኛው ነው?

ሦስተኛው ድካምን መቻል ነው። ብረት አንድ ጊዜ ከባድ ጭነት ችሎ፣ ከዚያ ያነሰውን ጭነት ሚሊዮን ጊዜ ሲደጋገምበት ሊሰነጠቅ ይችላል። ሽቦን ወዲያና ወዲህ እያጠፍን እንደምንቆርጠው ማለት ነው። አራተኛው በዙሪያው ባለው ነገር፣ ማለትም በውኃ፣ በጨው፣ በአሲድ ወይም በሙቀት አለመበላት ነው። የእኔ ኳስ በመጀመሪያውና በሦስተኛው ጥያቄ አንደኛ ትወጣለች። የአጎቴ መርጫ የጠየቃት ግን አራተኛውን ነበር፣ እዚያ ላይ ወደቀች።

2. ኩሽኔታ ውስጥ ያለች ኳስ

ኩሽኔታን የማያውቅ የለም። ልጆች ሆነን ከአሮጌ ኩሽኔታና ከእንጨት ጋሪ ሠርተን ቁልቁለት ወርደናል። ሲሰበር የሚወጣው የብረት ብይም ከመስታወቱ ብይ ይበልጥ ይከበር ነበር። በውስጥና በውጭ ቀለበት መካከል የተደረደሩት ኳሶች መፋተግን ወደ መንከባለል ይቀይሩታል። ሥራው ቀላል ይመስላል እንጂ በቁሱ ላይ የሚያመጣው ጫና የሚገርም ነው።

ምን መሰላችሁ፣ ኳስ ጠፍጣፋ ነገርን ስትነካ የምትነካው በአንዲት ነጥብ ነው። ጭነት ሲመጣ ሁለቱም በጥቂቱ ስለሚሟሸሹ ነጥቧ ትንሽ ክብ ትሆናለች፣ ያም ሆኖ ስፋቷ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የመኪናው ክብደት በሙሉ የሚያርፈው እነዚህን በመሰሉ ጥቂት ነጥቦች ላይ ነው። ይህን በሒሳብ ያስቀመጠው ጀርመናዊው ሃይንሪክ ኸርዝ ሲሆን ጊዜውም እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጀመሪያ ነበር። አዎ፣ ስሙን እናውቀዋለን። ራዲዮ ላይ «97.1 ሜጋ ኸርዝ» ስንል የምንጠራው ያንኑ ሰው ነው። የራዲዮ ሞገድ መኖሩን በሙከራ ከማሳየቱ በፊት ሁለት ጠንካራ አካላት ሲነካኩ ምን እንደሚሆን አጥንቶ ነበር። ዛሬ የኩሽኔታ አምራቾች በሚጠቀሙበት ዓለም አቀፍ ደረጃ መሠረት፣ ቆሞ ጭነት የሚሸከም የኳስ ኩሽኔታ አቅም የሚሰላው በመነካኪያዋ መሀል ላይ 4,200 ሜጋ ፓስካል ግፊት ሲደርስ ነው። ይህም ከአየር ግፊት አርባ ሺህ ጊዜ በላይ ይበልጣል። በዚህ ግፊት እንኳን ኳሷና ቀለበቱ ላይ የሚቀረው ጉድጓድ በድምሩ ከኳሷ ውፍረት አንድ አሥር ሺኛ ያህል ብቻ ነው።

ለዚህ ሥራ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ የተመረጠው «የክሮም ብረት» የሚባለው ነው። አሜሪካኖች 52100 የሚል ቁጥር ሰጥተውታል። ውስጡ 1 በመቶ ገደማ ካርቦንና 1.5 በመቶ ገደማ ክሮሚየም አለው፣ የቀረው ማለት ይቻላል ብረት ነው። በከፍተኛ ሙቀት ግሎ ዘይት ውስጥ ሲነከርና እንደገና በመጠኑ ሲሞቅ በሮክዌል ሲ 60 እና ከዚያ በላይ ይደርሳል። ተራ ሞረድ ይንሸራተትበታል እንጂ አይዘውም። የመነከባለልን ድካም ይችላል፣ ዋጋውም መጠነኛ ነው። ከዚህም በተጨማሪ እጅግ ክብ ሆኖ መሳል ይችላል። «ደረጃ 10» የሚባለው የኳስ ጥራት ከፍጹም ክብነት የሚፈቅደው ስህተት 0.25 ማይክሮ ሜትር ብቻ ነው። የሰው ፀጉር 70 ማይክሮ ሜትር ያህል ይወፍራል ብንል፣ ስህተቱ የፀጉሩን አንድ መቶኛ እንኳን አያክልም ማለት ነው።

እሺ፣ ክሮሚየም ካለው ለምን ዛገ? እኔን ያሳተኝ ይህ ስም ነው። ክሮሚየም ብረትን ከዝገት የሚከላከለው ፊቱ ላይ በዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን በመሥራት ነው። ሽፋኑ ቢጫርም አየር እስካገኘ ድረስ ራሱን መልሶ ይሠራል። ይህ እንዲሆን ግን ብረቱ ውስጥ ቢያንስ 10.5 በመቶ ገደማ ክሮሚየም ያስፈልጋል። በክሮም ብረት ውስጥ ያለው 1.5 በመቶ የተጨመረው ብረቱ በደንብ እንዲጠጥር ነው እንጂ እንዳይዝግ አይደለም። ኩሽኔታ ውስጥ የማይዝገው ግራሶ ስላለበስነውና በጎማ መሸፈኛ ስለዘጋንበት ነው። መሸፈኛው ተቀዶ ውኃ ከገባ የጎማ ኩሽኔታ ማጉረምረም እንደሚጀምር ማንኛውም የባጃጅ ሹፌር ይነግራችኋል። እኔ ያደረግሁት ያንን ኳስ ያለ ግራሶ ውኃ ውስጥ መጣል ነው።

ኩሽኔታው የግድ ውኃ ባለበት ቦታ የሚሠራ ከሆነ ሌላ አማራጭ አለ። 440 ሲ የሚባለው ስቴንለስ ብረት 1 በመቶ ገደማ ካርቦንና ከ16 እስከ 18 በመቶ ክሮሚየም አለው። ከክሮም ብረቱ ጥቂት ዝቅ ቢልም በሮክዌል ሲ 58 ገደማና ከዚያ በላይ ይደርሳል፣ እርጥበትንም ይችላል። ጨውና ክሎሪን ሲበዛበት ግን እሱም ይሸነፋል። ካርቦኑ ከክሮሚየሙ የተወሰነውን ስለሚይዘው ለመከላከያው ሽፋን የሚተርፈው ይቀንሳል። ጥጥርነትንም አለመዛግንም አንድ ላይ ስንፈልግ ከሁለቱም ጥቂት ጥቂት እንከፍላለን።

ከብረት ውጭ ደግሞ ሲሊከን ናይትራይድ የሚባል ሴራሚክ አለ። ክብደቱ ከብረት 40 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። በከፍተኛ ፍጥነት የምትዞር ኳስ ወደ ውጭ እየተወረወረች የውጭውን ቀለበት ስለምትጫን፣ ቀላል መሆኗ ትልቅ ጥቅም ነው። አይዝግም፣ ኤሌክትሪክም አያስተላልፍም። ይህ የመጨረሻው ጠባይ ለእኛም አገር ቅርብ እየሆነ መጥቷል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከወሰነች ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በየመንገዱ እናያለን። በእነዚህ ሞተሮች ውስጥ ከመቆጣጠሪያው የሚመነጭ ኤሌክትሪክ በኩሽኔታው በኩል ሊያልፍ ይችላል። ሲያልፍ በኳሷና በቀለበቱ መካከል ጥቃቅን ብልጭታ እየፈጠረ ብረቱን ይቦረቡረዋል። መፍትሔ ከሚባሉት አንዱ ቀለበቱን ብረት፣ ኳሷን ሴራሚክ ማድረግ ነው። ታዲያ ሴራሚክ ለምን ሁሉም ቦታ አይገባም ቢባል፣ አንደኛ ውድ ነው፣ ሁለተኛ ድንገተኛ ምት ሲያገኘው እንደ ብረት ችሎ አያልፍም፣ ሊሰነጠቅ ይችላል።

3. ቫልቭ ውስጥ ያለች ኳስ

የኩሽኔታ ኳስ ሥራዋ መሸከም ነው። የቫልቭ ኳስ ሥራዋ ግን መዝጋት ነው። በስም አንድ ናቸው፣ በኑሮ ግን ይለያያሉ። በመርጫው ፓምፕ ውስጥ ያለችው ኳስ የምትሸከመው ጭነት ከኩሽኔታው ጋር ሲነጻጸር ምንም ማለት ይቻላል። ነገር ግን ሌት ተቀን ፈሳሽ ውስጥ ትኖራለች። መቀመጫዋ ላይ ስታርፍም ዙሪያዋን በሙሉ ገጥማ መቀመጥ አለባት። አንዲት የዝገት ጉድጓድ መቀመጫው መስመር ላይ ከወደቀች ፈሳሹ በዚያች ቀዳዳ ይመለሳል፣ ግፊትም አይኖርም። ኩሽኔታ ውስጥ ብትሆን ለጊዜው ድምፅ ብቻ የምታሰማው ጉድጓድ፣ ቫልቭ ውስጥ ሥራውን በሙሉ ታቆመዋለች።

በመሆኑም ለዚህ ሥራ 304 ወይም 316 የሚባሉት ስቴንለስ ብረቶች ይመረጣሉ። 316 ከ16 እስከ 18 በመቶ ክሮሚየም፣ ከ10 እስከ 14 በመቶ ኒኬልና ከ2 እስከ 3 በመቶ ሞሊብዲነም ይዟል። ሞሊብዲነሙ በተለይ ጨው ባለበት ቦታ እንዳይቦረቦር ይረዳዋል። ታዲያ ይህ ብረት በእሳት ተነክሮ አይጠጥርም። ኩሽኔታ ውስጥ ብናስገባው ቶሎ ይጎደጉዳል። ባለ ሱቁን «ጠንካራ» ብዬ ስጠይቀው እሱን ባይሰጠኝ አይፈረድበትም፤ በእሱ ሚዛን ለስላሳ ነው።

አንዳንዴም ከብረት ጭራሽ መውጣት ያስፈልጋል። የፈሳሽ ሳሙና ወይም የእጅ ማጽጃ ጠርሙስ ላይ ያለውን መጫኛ ፈታችሁ ብታዩ ብዙ ጊዜ ትንሽ የስቴንለስ ወይም የብርጭቆ ኳስ ታገኛላችሁ። ብርጭቆ አይዝግም፣ ርካሽ ነው፣ እዚያ ውስጥ የሚመታውም የለም። የፍሳሽ ቆሻሻ በሚገፉ ትልልቅ ፓምፖች ላይ ደግሞ የቫልቩ ኳስ በጎማ የተለበጠች ናት። አሸዋና ክር መቀመጫው ላይ ቢቀር እንኳን ጎማው እሺ ብሎ ይታጠፍና ይዘጋል። ብረት ቢሆን ኖሮ በአሸዋዋ ምክንያት ክፍት ይቀር ነበር።

ልስላሴ ጥቅም ሊሆን እንደሚችል ከሁሉ የሚያሳየው ግን በሰው ልብ ውስጥ የገባችው ኳስ ናት። እ.ኤ.አ. በ1960 አሜሪካዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም አልበርት ስታርና መሐንዲሱ ሎውል ኤድዋርድስ በብረት ቀፎ ውስጥ የምትንቀሳቀስ የሲሊኮን ጎማ ኳስ ያለውን ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ ለበሽተኛ ገጠሙ። ልብ በቀን መቶ ሺህ ጊዜ ያህል ይመታል፣ ኳሷም ያን ያህል ጊዜ ከፍታ ትዘጋለች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በአንዳንድ ሰዎች ላይ ችግር ታየ። ጎማው ከደም ውስጥ ቅባት እየመጠጠ ያብጥና ይሰነጠቅ ጀመር። ይህ እንግዲህ የእኔ ኳስ ታሪክ ነው። በጭነት ሳይሆን በምትነካው ፈሳሽ ተበላሸች። ከተሞከሩት መንገዶች አንዱ ኳሷን ከብረት ቅይጥ ውስጧን ባዶ አድርጎ መሥራት ነበር። ሌላው የጎማውን አበሳሰል ማስተካከል ነው። ለረጅም ዘመን በአገልግሎት ላይ የቆየው የተስተካከለው ጎማ ነው። ቫልቩ እስከ 2000ዎቹ ድረስ ይመረት ነበር፣ በአንዳንድ ሰዎች ልብ ውስጥም ከ40 ዓመት በላይ ሠርቷል።

ቤታችን ውኃ መስመር ላይ እጀታውን ሩብ ዙር አዙረን የምንዘጋው መዝጊያም የኳስ ቫልቭ ነው። እዚያ ያለችው ኳስ መሀሏ የተበሳ ሲሆን ብዙ ጊዜ ከነሐስ ተሠርታ ክሮም ትለበጣለች፣ መቀመጫዋም ቴፍሎን ነው። ቧንቧው ተሠርቶ ውኃ ሲለቀቅ የሚመጣው አሸዋ ልባጡን ከጫረው መንጠባጠብ ይጀምራል። ለቤት ውኃ ቴፍሎን በቂ ነው፣ ከ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በእጅጉ ለሚበልጥ እንፋሎት ግን ስለማይችል መቀመጫው ወደ ብረት ይቀየራል።

4. አጋሯስ ማን ናት?

እስካሁን ስለ ኳሷ ብቻ አወራን። ኳስ ግን ብቻዋን አትሠራም፣ የምትነካው ነገር አለ። ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፣ አሁን እጃችሁ ላይ ያለው እስክርቢቶ ይበቃል። ጫፉ ላይ ያለችው ኳስ አብዛኛውን ጊዜ ከተንግስተን ካርባይድ የተሠራች ናት፣ ውፍረቷም ከግማሽ እስከ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ወረቀት ለስላሳ ይመስላል እንጂ ኳስን ቀስ በቀስ የሚፍቅ ነገር ነው፣ ስለዚህ እጅግ ጠጣር ኳስ ተመረጠለት።

የእስክርቢቶ ታሪክ የሚያስተምረው ግን ስለ መቀመጫው ነው። ቻይና በዓመት ከ30 ቢሊዮን በላይ እስክርቢቶ የምታመርት አገር ሆና ሳለ፣ የጫፉን ብረት ለብዙ ዘመን ከውጭ ታስገባ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትሯ የነበሩት ሊ ከቺያንግ ይህን በአደባባይ አንስተው ወቅሰዋል። ስሙን ብቻ የሰማ ሰው ችግሩ ኳሷ ላይ ይመስለዋል። አይደለም። ችግሩ ኳሷ የምትቀመጥበት ጎድጓዳ ጫፍ የሚሠራበት ስቴንለስ ብረት ነበር። ያ ብረት በጣም ስስ ሆኖ መቆረጥ፣ ሳይሰነጠቅ መታጠፍ፣ ኳሷንም ሳትላላና ሳትጣበቅ መያዝ አለበት። ታይዩዋን የሚባለው የብረት ኩባንያ ይህን ብረት መሥራቱ የተነገረው እ.ኤ.አ. በ2017 መግቢያ ላይ ነው። ሮኬት የምታመጥቅ አገር በእስክርቢቶ ጫፍ የተቸገረችው ለዚህ ነው።

ከዚህ የምንረዳው ኳሷን ስንመርጥ መቀመጫዋን አብረን መምረጥ እንዳለብን ነው። ኳሷ ከመቀመጫው እጅግ ከበለጠች መቀመጫውን ትበላዋለች። ካነሰች ደግሞ እሷ ታልቃለች። ከሁለቱ አንዱ ማለቅ ካለበት ርካሹና በቀላሉ የሚቀየረው እንዲሆን ማድረግ ብልህነት ነው።

5. በመዳፍና በማግኔት መለየት

ሱቅ ውስጥ ሁሉም ኳስ ያብረቀርቃል። ሆኖም 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላትን ኳስ በወርቅ ሚዛን ብንመዝናት ብዙ ትናገራለች። የክሮም ብረትና ስቴንለስ 4 ግራም ከጥቂት ነጥብ ይመዝናሉ። ነሐስ 4 ግራም ተኩል ገደማ ነው። ተንግስተን ካርባይድ ወደ 8 ግራም ይጠጋል። ሲሊከን ናይትራይድ 1.7፣ ብርጭቆ 1.3 ግራም ገደማ ናቸው። ፖሊፕሮፒሊን የሚባለው ፕላስቲክ ግማሽ ግራም እንኳን ስለማይሞላ ውኃ ላይ ይንሳፈፋል። ክብደት ለቫልቭ ወሳኝ ነው፤ በራሷ ክብደት ወደ መቀመጫዋ መውረድ ያለባት ኳስ ከፈሳሹ ከቀለለች፣ የሚገፋት ሞላ ከሌለ በስተቀር አትዘጋም።

ክሮም ብረትንና ስቴንለስን በሚዛን መለየት ካልተቻለ ማግኔት ይረዳል። ለመስቀል የሄድኩ ጊዜ ከአሮጌ ራዲዮ ድምፅ ማጉያ ያወጣነውን ማግኔት አስጠጋን። የእኔ ዝገታም ኳስ ጠብ ብላ ተጣበቀች፣ አሮጌዋ ግን ንቅንቅ አላለችም። 304ንና 316ን ማግኔት አይስባቸውም፣ ወይም በጣም በጥቂቱ ነው የሚስባቸው። ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። 440 ሲም ስቴንለስ ሆኖ ሳለ በማግኔት ይሳባል። ስለዚህ «ተሳበ» ማለት «ይዝጋል» ማለት አይደለም። ለማረጋገጥ ኳሷን ጨው ባለበት ውኃ ውስጥ ማሳደር ነው። ክሮም ብረት ከሆነች ጧት ራሷን ታጋልጣለች።

6. ከመግዛት በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ያነበብኩትንና የደረሰብኝን አንድ ላይ ሳጠቃልለው አምስት ጥያቄ ይወጣዋል።

ሀ. ሥራዋ ምንድን ነው? መሸከም ከሆነ ጠጣርና ድካም ቻይ ትሁን። መዝጋት ከሆነ ፊቷ ሳይበላ የሚቆይና ከመቀመጫዋ ጋር የምትገጥም ትሁን።

ለ. ምን ይነካታል? ውኃ፣ ጨው፣ መድኃኒት፣ ዘይት ወይስ ደም? ነሐስ ለቤት ውኃ ደህና ነው፣ አሞኒያ ባለበት ግን ይሰነጠቃል። እንግሊዞች በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሕንድ ውስጥ በፈረስ ጋጣ ያስቀመጡት የነሐስ የጥይት ቀለህ በክረምት ሲሰነጠቅባቸው ምክንያቱ ከፈረስ ሽንት የሚወጣው አሞኒያ ሆኖ ተገኝቷል።

ሐ. ምን ያህል ሙቀትና ፍጥነት አለ? ኤሌክትሪክስ ያልፍባታል?

መ. አጋሯ ከምን የተሠራ ነው? ከሁለቱ ቀድሞ ማለቅ ያለበትስ የትኛው ነው?

ሠ. ስትበላሽ ምን ይከተላል? ሳሙና ጠርሙስ ላይ ብትበላሽ ጠርሙሱን እንጥላለን። ስንዴ ማሳ ላይ ብትበላሽ አራት ቀን ታስከፍላለች። ልብ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ክብነትና ዋጋም የሚወሰኑት ከዚህ ጥያቄ በኋላ ነው። ለመርጫ ቫልቭ የሩብ ማይክሮ ሜትር ክብነት መክፈል ገንዘብ ማባከን ነው።

7. ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች

በክፍል ውስጥ ጥያቄ ስለማዘጋጀት ስንማር «ምንጩ የሚመልሰው የጠየቅከውን ነው» ሲባል እሰማ ነበር፣ እጽፍም ነበር። የገባኝ ግን ኳሷን መዳፌ ላይ ሳያት ነው። ባለ ሱቁን «ለምን ሥራ ነው?» እንዲለኝ ዕድል አልሰጠሁትም። መልሱን በጥያቄዬ ውስጥ ጨምሬ ሄድኩ።

ዜና ስንጽፍም ይኸው ነው። «ጠንካራ ድልድይ»፣ «ዘመናዊ ማሽን»፣ «ጥራት ያለው ምርት» እያልን እንጽፋለን። ለምን ሥራ? በምን ተለክቶ? ከምን ጋር ተነጻጽሮ? ቅጽሉን አውጥተን በምትኩ የተለካውን ነገር ብናስገባ አንባቢው ራሱ ይፈርዳል። ባለሙያን ስናናግርም «ከሁሉ የሚሻለው የቱ ነው?» ከማለት «ይህ የት ቦታ ላይ አይሠራም?» ብንል የበለጠ እንማራለን። እኔ ለዚህ ጽሑፍ አንድ የቶርኖ ባለሙያ «440 ሲ የት ይሸነፋል?» ብዬ ስጠይቅ ያገኘሁት ማብራሪያ «የቱ ይሻላል?» ብዬ ካገኘሁት ሦስት እጥፍ ይሆናል።

ማጠቃለያ

«ምርጥ የኳስ ቁስ» የሚባል ነገር የለም። ለሥራው የሚስማማ ቁስ ነው ያለው። ክሮም ብረት ግራሶ ውስጥ ንጉሥ ነው፣ መርጫ ውስጥ ግን ሦስት ሳምንት አይዘልቅም። 316 ኩሽኔታ ውስጥ ይጎደጉዳል፣ መድኃኒት ውስጥ ግን ዓመታት ይከርማል። ጎማ ልብን ያህል ነገር አደራ ተቀብሎ ተወጥቶታል።

ለአጎቴ በኋላ የመርጫ መለዋወጫ ከሚሸጥ ሱቅ 10 ሚሊ ሜትር የስቴንለስ ኳስ ገዝቼ ላክሁላቸው። በዚህኛው ጊዜ ባለ ሱቁን የጠየቅሁት «ለመርጫ ነው፣ መድኃኒት ውስጥ ትኖራለች፣ መቀመጫዋ ፕላስቲክ ነው» ብዬ ነው። እሱም ሳያመነታ አወጣልኝ። አጎቴ ደውለው «ይቺስ ጠንካራ ናት?» ሲሉኝ፣ «አይ ጋሼ፣ ይቺ የማትዝግ ናት» አልኳቸው። ሳቁ። የታችኛው ጠርዝ ስንዴ ግን በሳቅ አይመለስም።